ከሯጮቹ በስተጀርባ

ፊልም ልንሠራ ነው ብዬ ቤት ውስጥ ስናገር እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። "ምን ዓይነት ፊልም?" ሳይሆን "ከነማን ጋር?" ነው ያለችኝ። የሴት ልጅ እናት ጥያቄ ሁልጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ከፊዚክስ አስተማሪያችን ጋር መሆኑን ስነግራት ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። አስተማሪ ካለበት ክፉ ነገር አይገኝም ባይ ናት።

ፊዚክስ አስተማሪያችን ከሶሻሊስት አገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ሌላው ሰው ከዚያ ሲመለስ ፍሪጅ ወይም የግድግዳ ምንጣፍ ያመጣል፤ እሳቸው ይዘው የመጡት ትንሽ የፊልም ካሜራ፣ ማሳያ ማሽንና አንድ ሻንጣ ሙሉ ኬሚካል ነው። ባለቤታቸው በዚህ ነገር ቂም እንደያዙ ነው ይባላል። ካሜራው ባትሪ የሚባል አያውቅም፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይሞላል፣ ትንሽ ያጓራል፣ ከዚያ ደክሞት ይቆማል። ድምፅ አይቀዳም። ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ነው። በዘመነ ደርግ ናዝሬት ላይ ለምንማር ልጆች ግን ይሄም ብርቅ ነበር።

ለትምህርት መዝጊያው በዓል አንድ አጭር ልብ አንጠልጣይ ትዕይንት ሠርተን እንድናሳይ ተፈቀደልን። ሦስት ነበርን። አንዱ አባቱ ወንጂ አገዳ ላይ የሚሠራ፣ ናዝሬት አክስቱ ቤት ተቀምጦ የሚማር፣ ትንሽ ፋታ ባገኘ ቁጥር ሸንኮራ የሚመጥ ልጅ ነው። ሁለተኛው የትምህርት ቤታችን የወጣት ማኅበር ተጠሪ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሲናገር አስተማሪዎች ሳይቀሩ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ይቀመጣሉ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። ዳይሬክተር ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ድምፄ ከሁለቱም ስለሚበልጥ ነው።

ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮንትሮባንዲስት ቦርሳውን ይዞ ይሸሻል፣ ፖሊስ ያሳድደዋል፣ አለቀ። ተጠሪው አንብቦ "አሻጥረኛው የግድ መያዝ አለበት" አለ፤ ይያዝ አልን። "እኔ ነኝ የምይዘው" አለ፤ ያዝ አልን። እሱ ከፖሊስነት ሌላ ምንም ሆኖ እንደማይሠራ ታውቆ ያደረ ነገር ነው። የወንጂው ልጅ ምስኪን ኮንትሮባንዲስት ሆነ። እኔ ደግሞ ወንጀለኛ ያለ ካፖርት ወንጀለኛ አይመስልም ብዬ የአጎቴን የዝናብ ካፖርት አምጥቼ አለበስኩት። የናዝሬት የግንቦት ፀሐይ ምን እንደሆነች የሚያውቅ ሰው ይፍረደኝ። ጥቁር መነጽርና ባርኔጣ ሲጨመርበት ልጁ ላብ በላብ ሆነ፤ ግን ያምር ነበር።

ስለ ቤታችንም አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ቀጥሎ የመጣው አይገባም። እኛ ጴንጤዎች ነን። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል። ምእመናኑ በየሰው ቤት እየተደበቁ ይጸልዩ ነበር፤ ቤቱ በየጊዜው ይቀየራል፣ የት እንደሆነ ደግሞ ለልጆች አይነገርም። ልጅ ያወቀውን ሰፈር ያውቀዋል ነው ነገሩ። እኔ የዚያን ዓመት ማትሪክ የምወስድ ሴትዮ አሁንም ልጅ ውስጥ መቆጠሬ ያበግነኝ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ስታነሳ "የታመመች ልጠይቅ ነው" ትላለች። በእናቴ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን ናዝሬት ውስጥ አንድ ጤነኛ ሰው ባልተገኘ። ጸሎት እንደምትሄድ አውቃለሁ፤ የትኛው ቤት እንደሆነ ግን አላውቅም፣ መጠየቅም ክልክል ነው።

የመጀመሪያውን ቀረጻ ያደረግነው ገበያ ውስጥ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ ሕዝብ መሐል ሲሮጥ ያምራል ብዬ። አስተማሪያችን ካሜራውን ሞልተው "ጀምሩ" ሲሉ የወንጂው ልጅ ቦርሳውን አቅፎ በርበሬ ተራውን ሰንጥቆ ሮጠ፤ ተጠሪው የትምህርት ቤቱን ዘበኛ ካኪ ኮት ለብሶ ተከተለው። ገበያተኛው ካሜራ አላየም። ያየው ቦርሳ ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው። "ሌባ! ሌባ!" የሚለው ጩኸት ከሽሮ ተራ ተነስቶ ጨው ተራ ደረሰ። አንዲት በርበሬ ሻጭ እግሯን ዘረጋችለት፤ ሲወድቅ አንድ ባለጋሪ ኮሌታውን ይዞ ሁለት ጥፊ አቀመሰው። "ፊልም ነው! ፊልም ነው!" ብዬ እየጮህኩ ብደርስ ባለጋሪው "አንቺም ግብረ አበሩ ነሽ?" አለኝ። አስተማሪያችን መታወቂያቸውን አውጥተው እስኪያስረዱ ድረስ ልጁ ከነካፖርቱ መሬት ላይ ነበር። ያ ፊልም ሲታጠብ የታየን የሰው ጀርባ ብቻ ነው።

"ጭር ያለ መንገድ ያስፈልጋል" አሉ አስተማሪያችን።

"እኔ አውቃለሁ" አልኩ ፈጥኜ። ከእህል ወፍጮው ጀርባ አንዲት የአፈር መንገድ አለች፤ ግራና ቀኟ አጥር ነው፣ መሐሏን የጎርፍ ቦይ ያቋርጣታል፣ በወዲያኛው ጫፍ አንድ የቆርቆሮ በር አለ። ከሰዓት በኋላ ውሻ እንኳን አያልፍባትም። እንዲህ ጭር ያለችን መንገድ የሚፈልግ ሌላም ሰው ሊኖር እንደሚችል ግን አልመጣልኝም። የጸሎቱን ቤት እንዳላውቅ በመደረጌ ነው እንግዲህ መንገዱን አውቃለሁ ያልኩት።

የገበያው ነገር እንዳይደገም አስተማሪያችን ቀበሌ ሄደው አስፈቀዱ። ቀበሌውም አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ መደበልን። ሰውዬው መጀመሪያ ቀን ኮስተር ብሎ ነበር የቆመው። የወንጂው ልጅ መሮጥ ሲጀምር ግን ተረታ፤ ጠመንጃውን ብብቱ ሥር ከትቶ "ፊጊ! ፊጊ!" እያለ፣ በኦሮምኛ ሩጥ ማለት ነው፣ ለኮንትሮባንዲስቱ ይጮህለት ጀመር። ተጠሪው ተናደደ። "ጓድ፣ እኔ ነኝ እኮ መንግሥት!" አለው። ጠባቂው "አውቃለሁ፤ እሱ ግን ያሳዝናል፣ ካፖርቱን አየኸው?" ብሎ መለሰለት።

ያንኑ ሩጫ ደጋግመን ቀረጽነው። አንዴ ባርኔጣው ወደቀ፣ አንዴ ካሜራው መሐል ላይ ደከመ፣ አንዴ የወንጂው ልጅ ሙቀቱ በዝቶበት "ያዘኝና እንገላገል" ብሎ ቆመ። የሚብሰው ተጠሪው ነው፤ ቦዩን የሚዘልባት ነገር አልጥምህ ብላው "እንደገና!" ይላል። ሯጮቹ ከወዲያኛው ጫፍ ወደ እኛ ይመጣሉ። እኔ እግራቸውን አያለሁ፣ አስተማሪያችን በካሜራው ቀዳዳ ፊታቸውን ያያሉ፣ ጠባቂው ጀርባውን ለቆርቆሮው በር ሰጥቶ በሳቅ ይፈርሳል። ከሯጮቹ በስተጀርባ ምን እንዳለ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ያን ቀን ማታ እናቴ ፊቷን አጥቁራ ገባች። "ስንት መንገድ ባለበት ከተማ!" ብላ ጫማዋን ወረወረች። ምን ሆንሽ ስላት፦ "ምንም። ያንን ልጅ በዚያ ካፖርት እንዳትገድሉት" አለች። ካፖርቱን የት እንዳየችው መጠየቅ ነበረብኝ። እኔን ግን የነገው ቀረጻ ነበር የሚያሳስበኝ።

ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በቤተ ሙከራው መስኮቶች ላይ ጥቁር ጨርቅ ሰቅለን፣ አንሶላ ዘርግተን አየነው። መጀመሪያ ሳቅን። ራስን ሲሮጡ ማየት ያስቃል፤ የወንጂው ልጅ "እኔ እንዲህ ነው የምሮጠው?" እያለ በሳቅ አለቀሰ። ከዚያ ጥሩው መጣ። ሩጫው ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ካፖርቱ እንደ ክንፍ ተዘርግቶ፣ ተጠሪው ቦዩን ሲዘል እግሩ ከመሬት ሲነሳ ሁሉም ነገር የሰመረለት። "ይሄ ነው!" ብሎ ጮኸ ተጠሪው።

እኔ ዝላዩን አላየሁም። ከኋላ፣ በቆርቆሮው በር፣ እናቴ ስትገባ ነበር ያየሁት።

ምስሏ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ፊቷም አይለይም። ግን ግራ እግሯን ትንሽ ጎተት ታደርጋለች፤ ቦርሳዋንም እንደዚያ ደረቷ ላይ አጥብቃ የምትይዝ እሷ ናት። ግራና ቀኝ ተገላመጠችና ገባች። ቀጥሎ የግማሹን ከተማ ቂጥ የወጋ ድሬሰር መጣ፤ ተገላምጦ ገባ። ቀጥሎ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት ሴትዮ የታጠፈ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ እየተደገፉ መጡ፤ እሳቸውም ተገላመጡ። እውነቱን ለመናገር ከኛ ኮንትሮባንዲስት ይልቅ ወንጀለኛ የሚመስሉት እነሱ ነበሩ። ልብ አንጠልጣዩ ፊልም እዚያ ከኋላ ነበር።

"ይሄኛው ሙሉውን ይግባ፣ ምንም አይቆረጥ" አለ ተጠሪው። አስተማሪያችንም ራሳቸውን ነቀነቁ። "መልካም። ቅዳሜ የቀበሌው ሊቀመንበር ሳያዩት ለሕዝብ አይታይም ተብሏል፤ እስከዚያ እንጨርሰው" አሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር በሰፈሩ ያለውን ሰው ሁሉ፣ ከነአረማመዱ፣ አሳምረው የሚያውቁ ሰው ናቸው።

ቤት እንደደረስኩ እናቴን ወደ ጓዳ ጎተትኳት። "እማዬ፣ ፊልሙ ውስጥ አለሽ" አልኳት።

"ያ መሣሪያ የሚያየው ልጆቹን መስሎኝ" አለች። "ስደርስ እናንተ አላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘ አለ። ብመለስ ይጠረጥራል ብዬ ገባሁ።"

"ከኋላ ያለውንም ያያል።"

"ሌላስ ማን ይታያል?" አለች። ስለ ራሷ አንድ ቃል አልጨመረችም። ድሬሰሩን ነገርኳት። ጃንጥላ የያዙ፣ የተከናነቡ ሴትዮም አሉ፣ እሳቸውን አላወቅኋቸውም ስላት የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

"ማን ማን አየው?" ስትል አስተማሪያችንን፣ የወንጂውን ልጅ፣ ተጠሪውን ጠራሁላት። የመጨረሻውን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ከሰው ሁሉ እሱ!" አለች። ሥልጣኑን ፈርታ መስሎኝ ነበር። "ቁረጪው። መቁረጥ ይቻላል አይደል?"

"የእሱ ዝላይ ነው እኮ ያለበት፣ እሺ አይልም።"

"ዝላዩ ገደል ይግባ!" አለች እናቴ፤ ወዲያው ደንግጣ "ጌታ ይቅር በለኝ" አለች። ስትራገም ስሰማት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

አስተማሪያችንን ለምን አልነገርኳቸውም? ደግ ሰው ነበሩ። ግን በዚያ ዘመን ምሥጢር የነገሩትን ሰው አብሮ ማሳሰር ነው። ፊልሙን ሰርቆ መጣልም አይሆንም፤ ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል፣ ቢጠፋ ደግሞ ለምን ጠፋ ይባላል። የቀረኝ አማራጭ መከራከር ብቻ ነበር። እሱን እችልበታለሁ።

በማግስቱ ለቆረጣው ተሰበሰብን። ሥራው እንዲህ ነው፦ ፊልሙን ወደ መስኮት ይዘው በማጉያ መነጽር ያዩታል፣ በምላጭ ይቆርጡታል፣ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አድርገው በማጣበቂያ ከሌላው ጋር ይገጥሙታል። እጄ ረጋ ያለ ነው ተብሎ ምላጩ ለእኔ ተሰጠኝ።

"ሩጫውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካሳየነው ማንም አይጨነቅም" ብዬ ጀመርኩ። "ተመልካች መጨረሻውን ካየ ምኑን ይፈራል? እንቆራርጠው። መጀመሪያ እግር ብቻ። ቀጥሎ ላብ ያጠመቀው ፊት። ቀጥሎ ቦርሳ የጨበጠ እጅ። ከዚያ ቦዩ። ፖሊሱ የት እንደደረሰ አይታወቅም፣ ሰው ትንፋሹን ይይዛል!" እግሩንና እጁን ለብቻ አቅርበን የቀረጽናቸው፣ አስተማሪያችን ይጠቅማል ያሏቸው ቁርጥራጮች ነበሩን። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። እናቴን ላድን ስል የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ የተናገርኩት ነው። የወንጂው ልጅ "ልክ ነች መሰለኝ" አለ፤ ፊቱ ብቻውን እንደሚታይ ሲሰማ ወድዶታል።

ተጠሪው በቁጣ ነደደ። "የኔ ዝላይ ቆሻሻ ቅርጫት ሊገባ ነው?" አለ። ተጨቃጨቅን። ዕብሪተኛ አልኩት፤ ሴት ስታሊን ያየሁት አንቺን ነው አለኝ። አስተማሪያችን ሰለቻቸውና "በቃ፣ አንዴ ደግመን አይተን እንወስን" ብለው ማሽኑን አበሩት።

ተጠሪው ዝላዩን በደንብ ለማድነቅ ብሎ አንሶላው ሥር ሄዶ ቆመ። ፊልሙ መሮጥ ጀመረ። "እዩት፣ አሁን፣ አሁን..." እያለ ነበር። መሐል ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ካለቀ በኋላም ወደ እኛ አልዞረም። "ቲቸር፣ እንደገና ያሳዩን" አለ። እንደገና አየነው። አሁን የሚያየው ቦዩን እንዳልሆነ ከአንገቱ አዘነባበል አወቅሁ።

ሲዞር ፊቱ ምንም አይልም። "ልክ ናት" አለ። "ረዝሟል። ይቆረጥ።"

በእግር ኳስ ክርክር እንኳን ተረትቶ የማያውቅ ሰው ነው። አሸነፍኩ ብዬ ልደሰት አልቻልኩም። ምላጩን አንስቼ ቆረጥኩ። የተቆረጠው ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ እጁን ዘረጋ፦ "እሱን ለኔ ስጪኝ።"

"ምን ያደርግልሃል?"

"ዝላዬ ነው። ለማስታወሻ" አለ። ምን ልበል? አስተማሪያችን ቆመዋል፣ እንቢ የምልበት ምክንያት የለኝም። ጠቅልሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ቁልፉንም ቆለፈው። ደህና ዋሉ ሳይል ወጣ።

ለእናቴ ስነግራት አልተቆጣችኝም፤ ብትጮህብኝ ነበር የሚቀለኝ። አንድ ብርድ ልብስና ሹራብ አጣጥፋ በፌስታል አድርጋ አልጋዋ ሥር አኖረች። በዚያ ዘመን የዚያን ፌስታል ትርጉም የማያውቅ ቤት አልነበረም፤ የእስር ቤት ስንቅ ነው። የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እደነግጣለሁ። ተጠሪው ትምህርት ቤት ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ጠላሁት። እንደዚያ ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ መጡ። ፊት ለፊት ወንበር ተደረገላቸው፣ ለስላሳ ተከፈተላቸው። እግር ታየ። ፊት ታየ። የጨበጠ እጅ፣ ቦይ፣ እንደገና እግር። ሊቀመንበሩ ለስላሳቸውን መጠጣት ረስተው ወደ ፊት ተጠጉ። የወንጂው ልጅ ሲያዝ "እሰይ!" ብለው ጭናቸውን መቱ። "ሰው አስጨነቃችሁ እኮ! ይታይ፣ ይታይ" አሉና አጨበጨቡ። አስተማሪያችን በኩራት አዩኝ። እኔ የማየው በሩ አጠገብ የቆመውን ተጠሪ ነበር። ወደ ሊቀመንበሩ ጆሮ ጠጋ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አልተጠጋም። ቀድሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት እናቴ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ስትመለስ ከበር ጀምሮ እየሳቀች ገባች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። ጓዳ አስገብታ ዘጋችብን። ለልጅ አይነገርም የሚለውን ሕግ ያን ቀን ጣሰችው።

"ባለ ጃንጥላዋ የእሱ እናት ናት" አለችኝ።

ተጠሪው ፊልሙን ኪሱ ከትቶ የወጣ ዕለት በቀጥታ ቤቱ ነበር የሄደው። እናቱ ከሰል ላይ ወጥ ጥደው ነበር። ድስቱን አውርዶ ፊልሙን ፍሙ ላይ ጣለው፤ ተጨማዶ፣ ገምቶ፣ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። "ምንድነው ይሄ የሚሸተው?" ቢሉት ድስቱን መልሶ ጣደ። እራቱን በልቶ እጁን ሲታጠብ፣ ሳያያቸው፣ "እማዬ፣ ከእንግዲህ በጓሮ በር ግቢ" አላቸው። ስንት ዓመት ከልጃቸው ተደብቀው የኖሩ ሴት ናቸው። የሚፈሩት ሰው ቢኖር በዓለም ላይ እሱ ነበር።

አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ ድካም ነው፣ ስጠላው የከረምኩት ልጅ ነገር ነው፤ ብቻ እፎይታው እንደ ሕፃን አስለቀሰኝ። እናቴም አላስቆመችኝም።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ምን እንደምለው አላውቅም፤ ማመስገን ማለት አውቃለሁ ማለት ነው፣ አውቃለሁ ማለት ደግሞ አይቻልም። እሱ ደብተሩን ከአንድ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ፣ አካባቢውን አየት አደረገ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"የአንቺንም እናት ንገሪያት፤ ሲገቡ አይገላመጡ። ሰው የሚያስጠረጥረው መገላመጡ ነው" አለኝ።

ደወሉ ተደወለ። አብረን ወደ ክፍል ገባን።